መቶ ስትሪፕ፣ አንድ እርግዝና፦ የቤት ውስጥ የሽንት መመርመሪያው እንዴት ሆነልኝ

ይህን ብልቃጥ የገዛሁት ፈርቼ ነው። የመጀመሪያ ልጄን ሳረግዝ፣ በ31ኛው ሳምንት፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ኩላሊቴ ድረስ ወጥቶ ሆስፒታል ተኝቻለሁ። ስሸና አላቃጠለኝም። ሽንቴም አልደፈረሰም። ቶሎ ቶሎ ይመጣብኝ ነበር፣ ግን ነፍሰ ጡር ሆና የማይመጣባት ማን አለች? ቀኝ ጎኔን ከኋላ በኩል፣ ከጎድን አጥንቴ ሥር፣ ሲያመኝ ሰነበተ። ሆዴ ስለከበደ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ከዚያ አንድ ሌሊት ብርድ ብርድ ብሎኝ ተንቀጠቀጥኩ። ትኩሳቴ 39 ገባ። አንቲባዮቲክ በደም ሥሬ እየተሰጠኝ አራት ቀን ተኛሁ። የልጄን የልብ ምት በማሽን ሲከታተሉ ዓይኔን ከስክሪኑ ላይ መንቀል አቃተኝ። እሷ ደህና ናት፣ ዛሬ ቤቱን በሩጫ ታምሳለች። እኔ ግን ያንን ሌሊት አልረሳሁትም።

ስለዚህ ሁለተኛውን ማርገዜን ባወቅሁ በሳምንቱ ፋርማሲ ገባሁና ባለ 10 መለኪያ የሽንት ስትሪፕ ገዛሁ። አንድ ብልቃጥ፣ 100 ስትሪፕ። በየሳምንቱ እየለካሁ ብሄድ ለመላው እርግዝና ይተርፈኛል። ቤቴ ዘበኛ ያቆምኩ ያህል ቀለለኝ። አሁን ከወለድኩ በኋላ የያዝኩትን ደብተር ከፍቼ ነው የምጽፈው። የምርቱን ስም አልጠራም፤ በየፋርማሲው ያሉት ስትሪፖች በአሠራራቸው ይመሳሰላሉ፣ የምነግራችሁም ለአብዛኞቹ ይሠራል።

ስትሪፑ ቀጭን ረዘም ያለ ፕላስቲክ ነው። ላዩ ላይ በየተራ የተለጠፉ 10 ትንንሽ ካሬዎች አሉት። እያንዳንዷ ካሬ ኬሚካል ውስጥ ተነክራለች፣ ሽንት ሲነካት ቀለሟን ትቀይራለች። ነጭ የደም ሴል፣ ናይትራይት፣ ዩሮቢሊኖጅን፣ ፕሮቲን፣ ፒኤች፣ ደም፣ የሽንት ውፍረት፣ ኬቶን፣ ቢሊሩቢን፣ ስኳር። ቀለሙን ብልቃጡ ላይ ከታተመው ሰንጠረዥ ጋር አስተያይተሽ ታነቢያለሽ።

ቀላል ይመስላል። አይደለም። ከባዱ ነገር ሰዓቱ ነው። ካሬዎቹ ሁሉ አንድ ጊዜ አይነበቡም። የስኳሩ በ30 ሴኮንድ ይነበባል። የፕሮቲን፣ የደምና የናይትራይት 60 ሴኮንድ ይፈልጋሉ። የነጭ የደም ሴሉ 2 ደቂቃ ይጠበቅለታል። ከ2 ደቂቃ በኋላ የሚመጣ የቀለም ለውጥ ደግሞ ትርጉም የለውም። መጀመሪያ ሰሞን ስትሪፑን መታጠቢያ ቤት ትቼ ልጄን ላለባብስ እሄድ ነበር። አሥር ደቂቃ ቆይቼ ስመለስ ግማሹ ካሬ ጠቁሮ አገኘውና ልቤ ይሰነጠቃል። በኋላ የስልኬን ሰዓት ቆጣሪ ከፍቼ፣ ስትሪፑን በእጄ ይዤ፣ ከቦታዬ ሳልነቃነቅ ማንበብ ጀመርኩ። ያኔ ብዙው ድንጋጤ ጠፋ።

ብርሃኑም ለውጥ አለው። ማታ በቢጫ አምፖል ሥር የፕሮቲኑ ካሬ ሁሌም አረንጓዴ ይመስላል። ጠዋት መስኮት አጠገብ ሳየው ንጹሕ ቢጫ ነው። አንድ ቀን እኔና ባለቤቴ አንዱን ስትሪፕ ለየብቻ አነበብነው። እኔ "ትሬስ" ማለትም ምልክት ብቻ አልኩ፣ እሱ ደግሞ "አንድ ፕላስ" አለ። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም፤ አንድ ፕላስ በዴሲሊትር 30 ሚሊግራም ገደማ ፕሮቲን ማለት ነው፣ እሱ ደግሞ ስልክ የሚያስመታ ቁጥር ነው። ሰንጠረዡን የሚያትሙት ሰዎች እነዚህን ሁለት ቀለሞች ትንሽ ቢያራርቁልን ምናለበት። በምርቱ ላይ ካሉኝ ቅሬታዎች የመጀመሪያው ይሄ ነው።

ሁለተኛው ቅሬታዬ በውስጡ ያለው ወረቀት ነው። ፊደሉ እጅግ ደቂቅ ነው። ዋናዋ ነገር እዚያ ውስጥ ተቀብራለች፦ ብልቃጡ አንዴ ከተከፈተ ብዙዎቹ አምራቾች በ3 ወር ውስጥ ጨርሱ ይላሉ። ጀርባው ላይ የተጻፈው ማብቂያ ቀን ላልተከፈተ ብልቃጥ ነው። ይህን ያነበብኩት ከከፈትኩት ከአራት ወር በኋላ ነበር። ወዲያው ጥዬው አዲስ ገዛሁ፣ የተከፈተበትንም ቀን በእስክሪብቶ ክዳኑ ላይ ጻፍኩ። ስለዚህ 100 ስትሪፕ ለእርግዝና ይተርፋል ያልኩት ስሌት አይሠራም። ትንሽ ብልቃጥ ካገኛችሁ እሱን ግዙ። ክዳኑ ጥብቅ ይበል፣ ውስጡ ያለችው እርጥበት የምትመጥ ከረጢት አትውጣ፣ መታጠቢያ ቤት አይቀመጥ፣ ፍሪጅም አይግባ። ከ2 እስከ 30 ዲግሪ ያለ ደረቅ ቦታ ይበቃዋል። ካሬዎቹን በጣት መንካትም ክልክል ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

በ13ኛው ሳምንቴ ላይ ስትሪፑ ለአምስተኛ ጊዜ "ንጹሕ" አለኝ። ናይትራይት የለም። ነጭ የደም ሴል የለም። በዚያው ሳምንት የምትከታተለኝ አዋላጅ የሽንት ካልቸር፣ ማለትም ሽንቱ ውስጥ ባክቴሪያ ካለ ላብራቶሪ ውስጥ አሳድጎ የሚያሳየውን ምርመራ፣ አዘዘችልኝ። ላብራቶሪው ወረፋ ነበረው። ማቅለሽለሹ አድክሞኛል፣ ልጄም አብራኝ ናት። "ቤት እየለካሁ ነው፣ በየሳምንቱ ንጹሕ ነው፣ ካልቸሩ ይቅርብኝ" አልኳት። ደብተሬን አሳየኋት። ኮርቼበት ነበር። አዋላጇ ደብተሩን በደንብ አየችው። ከዚያ "ጎበዝ፣ ጥሩ ይዘሽዋል። ግን አንቺ ኩላሊትሽን አንዴ የታመምሽ ሰው ነሽ። ይሄ ወረቀት የማያየውን ነው የምፈልገው። ተሰለፊ" አለችኝ። ተሰለፍኩ።

ከሦስት ቀን በኋላ ደወለችልኝ። ኢ ኮላይ፣ የሽንት ቧንቧን ብዙ ጊዜ የሚያሳምመው ባክቴሪያ፣ በቅሏል። በአንድ ሚሊሊትር ሽንት ከ100,000 በላይ ባክቴሪያ። እኔ ምንም አይሰማኝም ነበር። ምንም።

በዚያ ስልክ ላይ ብዙ ጠየቅኳት። እንዴት ስትሪፑ ሳያየው ቀረ? የመለሰችልኝን ከዚያ በኋላ ካነበብኩት ጋር አያይዤ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ይሄን የሚያስረዳ ወረቀት ብልቃጡ ውስጥ የለም።

የናይትራይቱ ካሬ ባክቴሪያውን አይደለም የምታየው። የምታየው ባክቴሪያው የሚሠራውን ነው። ሽንት ውስጥ ናይትሬት የሚባል ነገር አለ፣ አንዳንድ ባክቴሪያዎች ወደ ናይትራይት ይቀይሩታል። ግን ለመቀየር ጊዜ ይፈልጋሉ፣ ሽንቱ ፊኛ ውስጥ 4 ሰዓት ያህል መቆየት አለበት። ነፍሰ ጡር ደግሞ ሽንቷን 4 ሰዓት የምትይዘው መቼ ነው? እኔ ሌሊት ሳይቀር ሦስት ጊዜ እነሳ ነበር። ቀን ደግሞ ማቅለሽለሹን ለማስታገስ ውኃ እየጠጣሁ ሽንቴን አቅጥኜዋለሁ። ከዚህም ሌላ፣ ጭራሹን ናይትራይት የማይሠሩ ባክቴሪያዎች አሉ። ለነፍሰ ጡር በተለይ የሚፈራው ግሩፕ ቢ ስትሬፕቶኮከስ ከነዚህ አንዱ ነው። እሱ ሽንት ውስጥ ከተገኘ በምጥ ጊዜ ሕፃኑን ለመጠበቅ አንቲባዮቲክ ይሰጣል። ስትሪፑ በናይትራይቱ ካሬ እሱን በፍጹም አያገኘውም። ቫይታሚን ሲ በብዛት የምትወስድ ሴትም ትጠንቀቅ፤ የናይትራይቱን፣ የደሙንና የስኳሩን ካሬ "የለም" ሊያሰኛቸው ይችላል።

ምልክት የሌለው ባክቴሪያ በሽንት ውስጥ የሚገኝባቸው ነፍሰ ጡሮች ከ100 ከ2 እስከ 10 ይሆናሉ። ያላረገዘች ጤነኛ ሴት ቢገኝባት ብዙ ጊዜ ዝም ይባላል። እርግዝና ላይ ግን ዝም አይባልም። ፕሮጄስትሮን የሚባለው ሆርሞን ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚወርዱትን ቱቦዎች ያላላቸዋል፣ ሽንቱ በዝግታ ይወርዳል። ማህፀን ሲያድግ ደግሞ ይጫናቸዋል። ማህፀን ወደ ቀኝ ስለሚያዘነብል የቀኙ ቱቦ ይበልጥ ይጎዳል። ያኔ ቀኝ ጎኔን ለምን እንዳመመኝ የገባኝ ከዓመታት በኋላ፣ በዚህ ስልክ ነው። ቆሞ የዋለ ሽንት ላይ ባክቴሪያ ይራባል፣ ወደ ላይ ለመውጣትም መንገዱ ክፍት ነው። ኩላሊት ከደረሰ ለእናትም ለሕፃንም አደጋ ነው፤ ያለጊዜው ምጥም ሊያመጣ ይችላል።

100,000 የሚለውን ቁጥር ድንበር ያደረገው ኤድዋርድ ካስ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ነው፣ በ1950ዎቹ። ዛሬም ላብራቶሪዎች በዚያ ይሠራሉ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው የእርግዝና ክትትል መመሪያ ይህን ድብቅ ባክቴሪያ ለማግኘት የመሃል ሽንት (መጀመሪያው ከፈሰሰ በኋላ የሚቀዳው) ካልቸርን ያስቀድማል። ካልቸር በሌለበት እንኳ በማይክሮስኮፕ የሚታየው የግራም ምርመራ ከስትሪፕ ይመረጣል ይላል። ይህን ሳነብ ብልቃጡን አንስቼ ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ደግሜ አየሁት። "የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን" የሚለው ቃል በትልቁ ፊት ለፊት አለ። ካልቸርን አይተካም የሚል ነገር ፊት ለፊት የለም። ሦስተኛውና ትልቁ ቅሬታዬ ይሄ ነው። እንደ እኔ ላለች፣ ፈርታ ለምትገዛ ሴት፣ ያ አንድ መስመር በትልቁ መታተም አለበት።

የ7 ቀን አንቲባዮቲክ ተሰጠኝ። ለእርግዝና የሚሆነውን የምትመርጠው አዋላጇ ናት፤ አንዳንዱ በመጀመሪያዎቹ ወራት አይሰጥም፣ አንዳንዱ መውለጃ ሲቃረብ ይከለከላል። ስለዚህ ከድሮ የተረፈ ኪኒን ከመሳቢያ አውጥቶ መዋጥ አይታሰብም። ጨርሼ ከሳምንት በኋላ ካልቸሩ ተደገመ፣ ንጹሕ ሆነ።

ይህ ሁሉ ሆኖ ስትሪፑን ጣልኩት? አልጣልኩትም። አጠቃቀሜን ነው የቀየርኩት።

በ27ኛው ሳምንት የሆነውን ደግሞ ስሙ። እንደ ልማዴ እሁድ ጠዋት፣ የመጀመሪያውን የጠዋት ሽንት። ያን ሌሊት እንዳጋጣሚ ሳልነሳ አድሬያለሁ። ሰዓት ቆጣሪው 60 ሲል የናይትራይቱ ካሬ ሮዝ ነበር። ፈዛዛ አይደለም፣ ወጥ የሆነ ሮዝ። ሌላ ስትሪፕ አወጣሁ፣ ያው ነው። አሁን ግን ዝም አላልኩም፣ አልጠበቅኩም። ሰኞ ጠዋት ጤና ጣቢያ ነበርኩ። ካልቸሩ አሁንም ኢ ኮላይ አወጣ። አሁንም አላቃጠለኝም፣ ትኩሳት የለኝም። ቀጣዩ ቀጠሮዬ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነበር። ስትሪፑ እነዚያን ሦስት ሳምንታት አተረፈልኝ። ያኔ ደግሞ ልክ ወደ 31ኛው ሳምንት እየተጠጋሁ ነበር። ለዚህ አንድ ጠዋት ስል ገንዘቤ አይቆጨኝም። አዋላጇም "ናይትራይት ሲወጣ አብዛኛውን ጊዜ እውነቱን ነው፣ ሳይወጣ ሲቀር ነው የማላምነው" አለችኝ። ከዚያ በኋላ እስክወልድ በየወሩ ካልቸር ተደረገልኝ።

የነጭ የደም ሴሉ ካሬ ግን አንገላቶኛል። በእርግዝና ከብልት የሚወጣ ፈሳሽ ይበዛል፣ ፈሳሹ ውስጥ ደግሞ ነጭ የደም ሴል አለ። ሽንቱ ሲወርድ ይዞት ይወርዳል፣ ካሬዋ ወይን ጠጅ ትሆናለች። በ22ኛው ሳምንት "ሁለት ፕላስ" አይቼ አለቀስኩ። ካልቸሩ ምንም አልነበረውም። ችግሩ አወሳሰዴ ላይ ነበር። አዋላጇ እንዲህ አሳየችኝ፦ እጅሽን ታጠቢ፣ ከፊት ወደ ኋላ ጥረጊ፣ የብልትሽን ከንፈሮች በጣትሽ ክፈቺ፣ የመጀመሪያውን ሽንት ሽንት ቤት ውስጥ ልቀቂው፣ መሃሉን በንጹሕ ዕቃ ቅጂ፣ ቀሪውን ተይው። ሆዱ ከገፋ በኋላ ይሄን ማድረግ ትግል ነው። አንድ እግርን ከፍ አድርጎ መቆም እኔን ረድቶኛል። ከዚያ ወዲህ ያቺ ካሬ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ቀለም የቀየረችው።

ሌሎቹን ካሬዎች ቶሎ ልለፋቸው። ቢሊሩቢንና ዩሮቢሊኖጅን ለእኔ ምንም አልጠቀሙኝም፣ ጭንቀት ብቻ ጨመሩብኝ። ኬቶኑ፣ ሰውነት ምግብ አጥቶ ስብ ሲያቃጥል የሚወጣው ነገር፣ በማስታወኩ ጊዜ ጠቅሞኛል፣ ጥቁር ወይን ጠጅ በሆነ ቀን ውኃም አልረጋልኝም ነበር፤ ሄጄ ፈሳሽ ተሰጠኝ። የስኳሩ ካሬ በእርግዝና ብዙ አይታመንም። ኩላሊት በእርግዝና ጊዜ ብዙ ደም ስለሚያጣራ ጤነኛ ሴትም ስኳር ልታሳልፍ ትችላለች። የእርግዝና ስኳር የሚለየው ከ24 እስከ 28 ሳምንት ባለው ጊዜ ስኳር ተጠጥቶ በሚደረገው የደም ምርመራ ነው። ስትሪፑ ላይ ስኳር አለመታየቱም ያንን ምርመራ አያስቀርም።

ፕሮቲኑ ላይ ግን ቆም በሉ። ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ፕሮቲን ከደም ግፊት ጋር ከመጣ ፕሪኤክላምፕሲያ የሚባለው አደገኛ የእርግዝና የደም ግፊት ሕመም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከስትሪፑ ጎን የግፊት መለኪያ ከሌለ ይሄ ካሬ ግማሽ ወሬ ነው። እኔ ሁለቱንም አንድ ደብተር ላይ እጽፍ ነበር። 140 በ90 ከደረሰ፣ ወይም ኃይለኛ ራስ ምታት ከመጣ፣ ዓይን ብዥ ካለ፣ ፊት ካበጠ፣ ከቀኝ የጎድን አጥንት ሥር ካመመ፣ ስትሪፑ ምንም ይበል ምን ይኬዳል። አስቀድሞ መለካትም አያስፈልግም። ለኩላሊቱም እንደዚያው ነው። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ጎን ላይ ሕመም፣ ማስታወክ ካለ ሌሊትም ቢሆን ይኬዳል። ያን የመጀመሪያውን ጊዜ ስትሪፕ ቢኖረኝ ኖሮ "ንጹሕ ነው" ብሎኝ እስከ ጠዋት እጠብቅ ይሆን ብዬ አስቤ አውቃለሁ።

ነጥብ ስጪው ብባል ከአምስት ሦስት እሰጠዋለሁ። የተቀነሱት ሁለቱ ለተጠጋጉት ቀለሞችና ፊት ለፊት ላልታተመው መስመር ናቸው። ኩላሊቷን ታማ ለምታውቅ፣ ኢንፌክሽኑ ለሚመላለስባት፣ ካልቸሯን ሳታስቀር በመሃል ያለውን ጊዜ ለመጠበቅ ለምትፈልግ ሴት ግዢው እላለሁ። ምንም ችግር ኖሯት ለማታውቅ፣ በየቀጠሮዋ ለምትመረመር ግን አያስፈልግም። በተፈጥሮዋ የምትጨነቅ ከሆነ ደግሞ ባትገዛው ይሻላታል። ማንበቢያ መተግበሪያ ያላቸው፣ በስልክ ካሜራ ቀለሙን የሚያነቡም አሉ። እነሱን አልሞከርኳቸውም።

ልጄ በ39ኛው ሳምንት ተወለደ፣ ደህና ነው። ባለፈው ሳምንት ታናሽ እህቴ ደወለች። ስምንተኛ ሳምንቷ ነው። "እቱ፣ ያ ብልቃጥሽ ተርፏል አሉ፣ ላኪልኝ" አለችኝ። ክዳኑን አየሁት። ከተከፈተ አምስት ወር ሆኖታል፣ ውስጡ 61 ስትሪፕ አለ። አልላክሁላትም። የአዋላጇን ስልክ ሰጠኋትና "መጀመሪያ ካልቸር አሠሪ፣ ውጤቱን ንገሪኝ፣ ስለ ስትሪፑ ከዚያ እናወራለን" አልኳት። ማክሰኞ ሽንቷን ሰጥታለች። ውጤቱን እየጠበቅን ነው።